ብሉዝ፣ ሶልና ሮክ በአንድ አልበም፤ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ

አልበም ልቅረጽ ብሎ የሚመጣ ወጣት ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ ሶሎውን፣ ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል፣ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ግጥሙ ግማሽ ላይ ቆሟል። ከበሮው ምን እንደሚመታ አልታሰበም። ቤዙ "ያው እኔን ይከተላል" ተብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ ጊታሩን ተቀብዬ ግድግዳ ላይ እሰቅልና "በል አሁን ዘፈኑን አሰማኝ" እላለሁ። እያጨበጨበ በአፉ ብቻ መዝፈን ካልቻለ ለቀረጻ ገና ነው። ወደ ቤቱ ይመለስና ይጨርሰው።

ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው፤ ሱቄ ጠባሴ ነው። ከጀርባው አንዲት ክፍል አለችኝ። ቀን ቀን የተበላሸ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) እና ቴሌቪዥን ይከመርባታል፤ ማታ ማታ እንቀርጽባታለን። ዘንድሮ ክፍሏን የያዛት የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ብሉዝ እንደ ወባ ይዞታል። የሚፈልገው አልበም ብሉዝም፣ ሶልም (የጥቁር አሜሪካውያን የዘፈን ስልት፤ ከሶሎ ጋር አታምታታው)፣ ሮክም ያለበት ነው። ከዚህ በታች ያለው በየማታው ለእሱ ከምለፈልፈው ውስጥ ሌላውንም ይጠቅማል ያልኩት ነው። (አንቺም እንደዚያው። "አንተ" እያልኩ የምጽፈው የእሱ ፊት እየመጣብኝ ነው።)

ሥራ አከፋፍል

ሦስቱን ስልት በየዘፈኑ እኩል እኩል ከጨመርክ አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዘፈን ይሆናል። እኔ የማምንበት አከፋፈል እንዲህ ነው። ሶሉን ከበሮና ቤዝ ይሸከሙት። ሮኩን አምፑ ይሸከመው። ብሉዙ ጣትህና ጉሮሮህ ላይ ይቅር። ይህ ከተያዘ የቀረው የመጠን ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዘፈን አምፑ ይጩኽ፣ በዚያኛው ዝም ይበል ትላለህ።

ከየት አመጣኸው ካልክ፣ አልበርት ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1967 ስታክስ በሚባለው የአሜሪካ፣ ሜምፊስ ሙዚቃ ቤት ያወጣውን አልበም ስማ። ሰውየው የለየለት ብሉዝ ተጫዋች ነው። ግራኝ ስለሆነ ጊታሩን ገልብጦ ይዞ ክሩን ወደ ታች እየሳበ ነው የሚያስለቅሰው። ከጀርባው ያሉት ግን ቡከር ቲ እና ኤምጂስ ናቸው፤ የስታክስን የሶል ዘፋኞች የሚያጅበው የቤቱ ባንድ። ከበሮው ላይ አል ጃክሰን፣ ቤዙ ላይ ዳክ ደን፣ ጊታር ላይ ስቲቭ ክሮፐር። ኪንግ የሚጫወተው ጥቂት ኖታ ነው። እነሱም የሚመቱት ጥቂት ነው። ዘፈኑ ግን ሞልቶ ይሰማል።

ከዚህ ዘመን ከፈለግህ ክሪስቶን ኢንግራም አለልህ፤ ኪንግፊሽ የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1999 ክላርክስዴል፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ሁለተኛ አልበሙ በዓመቱ ግራሚ ወሰደ። ፕሮዲውሰሩ ቶም ሃምብሪጅ ራሱ ድራመር ነው፤ ይህን ልብ በል። የጊታሪስት አልበም ከበሮ የሚያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ጊታሩ ራሱ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። የአልበሙ ስም 662 ነው፤ የሰሜን ሚሲሲፒ የስልክ መለያ ቁጥር ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ "እኔም 011 ልበለው እንዴ አጎቴ?" አለኝ። እሱ የአዲስ አበቦችም ነው፣ ይቅርብህ አልኩት።

ከእኛም ሰላም ስዩም አለ፤ የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት። የዚያን ጊዜ ሥራዎች ስታደምጥ ዘፋኙን ተወውና ጊታሩን ብቻ ተከተል። መቼ እንደሚገባ ሳይሆን መቼ እንደሚወጣ ስማ።

ባቲ የለመደ ጆሮ

ክራር እየሰማህ ካደግህ ግማሹን ይዘኸዋል። ማይነር ባቲና የብሉዙ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ስኬል) ኖታቸው አንድ ነው። ከኤ ስትነሳ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። ሜጀር ትዝታ ደግሞ ከሜጀር ፔንታቶኒክ ጋር ይገጥማል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ። ሶል ሜጀሩን ይወዳል። ብሉዝ ሁለቱን እያፈራረቀ ይሄዳል፤ በማይነሩ ላይም ኢ ፍላትን እንደ ቅመም ጣል ያደርግበታል። ስለዚህ አዲስ ስኬል ለመሸምደድ ጊዜህን አታባክን። የሚቀርህ አጨዋወቱ ነው፤ እሱም ያለው ቤንዱ ላይ ነው፤ ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረጉ ላይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቀረጻ የሚያጋልጠው ይህንን ነውና። ሦስተኛውን ክር ሰባተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት ክፍልፋይ) ላይ ያዝ፤ ዲ ነው። ከመግፋትህ በፊት ዘጠነኛውን ፍሬት ምታና ኢን በደንብ ስማው። አሁን ወደ ሰባተኛው ተመለስና ክሩን ገፍተህ እዚያው ኢ ላይ አድርሰው። የሚገፋው የቀለበት ጣትህ ነው፤ መሀለኛውና ጠቋሚው ከኋላው ሆነው ይደግፉታል። ጉልበቱ ከጣት ሳይሆን ከእጅ አንጓ ይምጣ። ቲዩነር ክፈትና መርፌውን እያየህ ሥራው። የእህቴ ልጅ ሁልጊዜ ጥቂት ሲቀረው ያቆማል። "ደርሷል አጎቴ" ይላል። እኔ አልከራከረውም፤ ቲዩነሩን አዞርለታለሁ። መድረክ ላይ ማንም አይሰማውም። ሄድፎን ውስጥ ግን ያቺ ያልደረሰች ቤንድ ጥርስ ታፋጫለች።

አምስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ሲ ግን ሌላ ነው። እሱን እስከ ሲ ሻርፕ አታድርሰው። ትንሽ ነካ አድርገህ ግፋውና በማይነሩና በሜጀሩ መካከል ተንጠልጥሎ ይቅር። የብሉዝ ለቅሶ እዚያች ላይ ነው ያለችው። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ጣት እንዲህ ያለ መሀል ላይ እንደልቡ ይቆማል። ሰርግ ቤት አዝማሪ ካጋጠመህ ግጥሙን ለሌላው ተውለትና አንተ ግራ እጁን ተመልከት።

አካሄዱን አጭር አድርጌ ልለፈው። አሥራ ሁለቱ ባር፣ የብሉዝ የተለመደው የኮርድ አካሄድ፣ በኤ እንዲህ ነው፤ ኤ7 አራት ባር፣ ዲ7 ሁለት፣ ኤ7 ሁለት፣ ከዚያ ኢ7፣ ዲ7፣ ኤ7፣ ኢ7 አንድ አንድ። ሁሉንም ዘፈን በዚህ አታስኪደው፤ ከአልበሙ ሁለቱ ወይ ሦስቱ ይበቃሉ። ለሶሉ ዲ9ን ልመድ፤ አምስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ አራተኛው ክር አራተኛ ፍሬት፣ የታችኞቹ ሦስት ክሮች አምስተኛ ፍሬት ላይ። ከስኔሩ (ጠፍ ከሚለው ትንሽ ከበሮ) ጋር እኩል ምታውና ወዲያው ጣትህን አላላ። ኮርዱ ይቆረጥ፤ አይጎተት።

ድራመርህ ሰርግ ላይ ያደገ ልጅ ከሆነ፣ እዚህ ደግሞ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ዝግ ያለው ብሉዝ አያስቸግረውም። ያ በ12/8 ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። 6/8 ደሙ ውስጥ አለ። ችግሩ እጁ ሳያስበው ወደ ጭክጭካ መሄዱ ነው። "ስኔሩን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ አሳርፈው፣ ሌላውን ተወው" በለው። ያኮርፋል። ቀረጻውን ሲሰማ ኩርፊያው ይለቀዋል።

እና የምሬን ነው የምልህ፤ ከዘፈኖቹ ግማሹ ላይ ሶሎ አይኑር።

ክፍሉን ባና አልብሰው

ስቱዲዮ የለኝም ብለህ አትቀመጥ። ያ የነገርኩህ ስታክስ የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ወለሉ እንኳ እንደ ሲኒማ ቤት ቁልቁል እንደተዘቀዘቀ ነው የቀረው። የሚያስፈልግህ ድምፅ የማይመልስ ጥግ ነው።

ክፍሉ መሀል ቆመህ አጨብጭብ። ጨብ ካለ በኋላ ዝንን የሚል ነገር ከተከተለ ግድግዳው እየመለሰው ነው። ስፖንጅ ፍለጋ አዲስ አበባ አትውረድ። እኛ ዘንድ ከዚያ የተሻለ አለ፤ የመንዝ ባና። የበግ ጠጉር ድምፅ ይውጣል፤ በተለይ እንደዚያ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሠራ። ግን ግድግዳው ላይ አትለጥፈው። አጣና ወይም ሽቦ ዘርጋና ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀህ ስቀለው። ከኋላው ያለው ክፍተት ሥራውን በጣም ያግዘዋል። አንዱን ከዘፋኙ ጀርባ፣ አንዱን ከአምፑ ጎን፣ አንዱን ከማይኩ በላይ ኮርኒሱ ስር አድርግ። የእናቴን ባና ለዚህ ስወስድ "ለሙዚቃ ይበርደዋል እንዴ?" ብላኛለች። የቤዙን ጉርምርምታ ግን ባናም አይችለውም። ለእሱ መፍትሔው አምፑን ከጥግ ማውጣትና ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከዚያ ሰዓትህን ምረጥ። የደሴው መንገድ ከተማችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ የጭነት መኪና ሽቅብ ሲያቃስት ማይክህ ከአንተ ቀድሞ ይሰማዋል። ማታ ይሻላል። የበዓል ዋዜማ ላይ ግን ቀረጻ አትያዝ፤ ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል፣ እሱን ደግሞ ዝቅ አድርጉልኝ አትልም። ሐምሌና ነሐሴን ለልምምድ ተዋቸው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ የሚሆነውን ታውቀዋለህ።

ብርዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብረት ሲበርደው ይኮማተራል፤ ክሩ ይወጠርና ድምፁ ከፍ ይላል። ክፍሉ ሲሞቅና ጣትህ ሲያፍታታው ይላላና ይወርዳል። ስለዚህ ጊታሩን ቀደም ብለህ አምጥተህ እዚያው ክፍል አቆየው፣ ትንሽ ተጫወትበት፣ ከዚያ ቃኘው። በየቅጂው መሀል እንደገና ቃኘው። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፤ ክፍሉን በባና ከደፈንክ በኋላ ከሰል አታስገባ። ጭሱ ባይታይህም ይገድላል። ጋቢ ደርብ፣ ሻይ ጠጣ።

ስለ መብራት፣ ከጠጋኝ የተሰማ

ይህ የእንጀራዬ ጉዳይ ስለሆነ ታገሰኝ።

መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጊታርህ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚለቅም ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ካለው ያንን 50 ከነብዜቶቹ ይለቅመውና እምምም ይላል። መጀመሪያ ተቀምጠህ ወንበርህን ቀስ እያልክ አዙር፤ ጩኸቱ የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ላይ ቁም። የሞባይል ቻርጀሩን ንቀል። ያረጀውን የሸምበቆ መብራት አጥፋ። ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፤ ካልሆነ በጥሩው ቅጂ መሀል ጥዝዝ ይላል። ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና አምፕ ሁሉም ከአንድ ዲቫይደር ይሳቡ፤ ከተለያየ ሶኬት ሲመጡ ነው ብዙ ጊዜ ጩኸቱ የሚፈጠረው። ሀምበከር (ይህን ጩኸት የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለው ጊታር የሚያውስህ ካገኘህ የሮኮቹን ዘፈኖች በእሱ ሥራቸው።

አሁን ዋናው። አንዳንድ ሰው ጩኸቱን ለማጥፋት የአምፑን የመሬት መስመር ይቆርጣል። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ጸጥ ይላል። ግን አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ መሄጃው የጊታርህ ክር ነው። እጅህ ክሩን ይዟል፣ ከንፈርህ ማይኩን ነክቷል፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው። እንደዚህ የተቆረጠ ገመድ ያለው አምፕ ለጥገና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምቀጥለው እሱን ነው፣ ባይጠይቁኝም። የቤቱ ሶኬት ራሱ መሬት የሌለው ከሆነ ኤሌክትሪሻን ጥራ፤ የአልበሙ ወጪ አካል አድርገው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ አምፑ ግን ይሞታል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚያቆይ) መግዛት ከቻልክ ግዛ። ካልቻልክ በየቅጂው መጨረሻ ሴቭ ማድረግን የእጅ ልማድ አድርገው።

ቀረጻው

ከበሮ በእንዲህ ያለ ትንሽ ክፍል ውስጥ አያምርም። ገንዘብ ካለህ ሁሉንም ለከበሮው አውለው፤ ሪፈረንስ ትራክህን ይዘህ አዲስ አበባ ውረድ፣ ደህና ክፍል ተከራይተህ ከበሮውን በአንድ ቀን ጨርስ፣ ሌላውን ቤትህ ተመልሰህ ትሠራዋለህ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥተህ ማታ ትመለሳለህ። ሪፈረንስ የምለው ክሊኩን (ምቱን የሚቆጥረውን ድምፅ)፣ ሻካራ ጊታርና ሻካራ ድምፅህን ነው። ድራመሩ ድምፅህን እየሰማ ነው መምታት ያለበት፤ ሶል የሚመታው ለግጥሙ ነው።

እዚሁ መሥራት ግድ ከሆነ ሰፊ አዳራሽ ፈልግና በሦስት ማይክ ያዘው። አንዱ ከስኔሩ በላይ፣ አንዱ ከትልቁ ቶም ጎን ወደ ሃይ ሃቱ እያየ፣ አንዱ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ፊት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከስኔሩ መሀል እኩል ይራቁ፤ በሲባጎ ለካቸው።

ከዚያ ቤዝ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ። ቀጥሎ ሪትም ጊታር፣ ቀጥሎ ድምፅ። ሶሎ መጨረሻ። የእህቴ ልጅ በዚህ ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ ይነጫነጫል። ድምፁ ከተቀረጸ በኋላ ግን ሶሎው የት ትንፋሽ እንደሚያገኝ ይታያል፤ ግማሹ የተዘጋጀ ሶሎም ሳያስፈልግ ይቀራል።

ሪፐርን ወይም የለመድከውን የመቅረጫ ፕሮግራም ክፈት። 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። ስትቀርጽ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጥቂት የሚያቆይበትን መጠን) 128 አካባቢ አድርገው፣ የምትመታውና የምትሰማው እንዳይራራቅ፤ ስትሚክስ ወደ 1024 ከፍ አድርገው። ጮክ ብለህ ስትመታ መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ቀይ ከነካ ዝቅ አድርግ፤ በ24 ቢት ዝቅ ብሎ መቅረጽ ምንም አያጎድልብህም።

ለአምፑ ሹር ኤስኤም57 ካገኘህ ይበቃሃል፤ አስመስለው የሠሩት ስለሚሸጥ ሞክረህ ግዛ። ስፒከሩ መሀል ላይ ክብ ቆብ የምትመስል ነገር አለች። ማይኩን ከቆቧ ጠርዝ ፊት ለፊት፣ ከጨርቁ ሁለት ጣት አርቀህ ትከለው። ከዚያ አንድ ሰው ይጫወት፣ አንድ ሰው ሄድፎን ያድርግ፣ ማይኩም በጣት ወርድ በጣት ወርድ ይንቀሳቀስ። ወደ መሀል ሲሄድ ድምፁ ይስላል፣ ወደ ዳር ሲወጣ ይለሰልሳል። ከአንድ ጣት ወርድ ዝውውር የሚመጣውን ልዩነት በኢኩዋላይዘር አታመጣውም። ለሶል ዘፈኖች ወደ ዳር እወጣለሁ፣ ለሮኮቹ ወደ መሀል እገባለሁ።

ጌይኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን የአምፕ ቁልፍ) ቀንስ። ብቻህን ስትሰማው የሚጣፍጥህ ዲስቶርሽን ከከበሮ ጋር ሲገባ ጭጋግ ነው የሚሆነው። ሮኩ ወፍራም እንዲሆን ከፈለግህ አንዱን ሪትም ሁለት ጊዜ ተጫውተህ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አስቀምጥ። ኮፒ አድርገህ አትለጥፈው፤ በሁለቱ ቅጂ መካከል ያለችው ጥቃቅን ልዩነት ናት ስፋቱን የምታመጣው። አምፕ ከሌለህ የሳውንድ ካርዱን የኢንስትሩመንት ቁልፍ ተጭነህ ንጹሑን ጊታር ቅረጽና በፕሮግራም ውስጥ አምፕ ምረጥለት። አምፕ ቢኖርህም ንጹሑን በጎን ቅረጸው፤ በኋላ ሐሳብህን ብትቀይር እንደገና መጫወት አይጠበቅብህም።

ሚክሱን ለሌላ ሰው ስጥ

ጊታሪስት የጊታር ፌደር (የድምፅ መጠን ማስተካከያ) አይንካ። ይህ በቤቴ ሕግ ነው። መጀመሪያ ኪኩና ቤዙ ይስማሙ፤ ሁለቱ የሚጋፉ ከሆነ የቤዙን ታች ትንሽ ከርክመው። ከዚያ ድምፅህ ይግባ፣ ጊታሩ በቀረው ቦታ ይቀመጥ። ጊታር ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጠው፣ የሚጠቅም ነገር የለውም።

ስትጨርስ ስልክ ላይ ስማው፣ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ። ከጠባሴ ወደ መሀል ከተማ እስክትደርስ አንድ ሁለት ዘፈን ያልቃል። በዚያ ስፒከርና በዚያ ኮብልስቶን ላይ ግጥሙ ከተሰማ ሚክሱ ደህና ነው። ባለባጃጁ "ማነው ይሄ?" ካለህ ዝም በለው፣ እስከ መጨረሻው ያዳምጥ።

ለማስተሪንግ፣ ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ ስትልክ ሊሚተሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚገድበውን) አውልቅ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች ሦስት እስከ ስድስት ዴሲቤል ቦታ ይተው። ፋይሉ 24 ቢት ዋቭ ይሁን፤ ኤምፒስሪ አትላክ። የየዘፈኑን ቅደም ተከተልና በመካከላቸው የምትፈልገውን ዝምታ በሰከንድ ጽፈህ አብረህ ላከው። ሁሉንም ትራክ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጥ፤ አንደኛው ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይጓዝ።